ስድስት ቀን በቦረና ሣር ላይ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ዲላ

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርሜ፣ ውጤት ሞልቼ አስረክቤ፣ ያለችኝን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስለ አርብቶ አደር አካባቢዎች የማስተምረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ያልቃል፤ ቆላ፣ ዝናብ አጠር፣ ከብት፣ ግመል፣ ከዚያ ደወል። ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት 60 ከመቶ ገደማ ለሚሆን መሬት አርባ ደቂቃ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ዘላኖች ግን ለምን አንድ ቦታ አይቀመጡም?" አለኝ። "ውሃና ሣር ፍለጋ" ብዬ መለስኩለት፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ መልሴ አላስተኛ አለኝ። በመጀመሪያ "ዘላን" የሚለውን ቃል ማረም ነበረብኝ፤ በእኛ ሰፈር ስድብ ከሆነ ቆይቷል። "ፍለጋ" ያልኩት ደግሞ ከዚያ የባሰ መሰለኝ። የሚፈለገው የጠፋ ነገር ነው። ሣሩ የት እንዳለ አያውቁም ማለቴ ነበር?

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቦረና ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ያቤሎ አካባቢ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ነገሩን በስልክ ስነግረው "ነይና ራስሽ ጠይቂያቸው" አለኝ። ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥቶ ሲመለስ በመኪናው ይዞኝ ሄደ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ሞጆ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ ላይ ዓሣ በላን፣ ከመምሸቱ በፊት ዲላ ገባን። ጓደኛዬ በየከተማው እየቆመ ከወዲያ የመጡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ይጠይቃል፤ በቀን ብቻ ነው የምንነዳው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5፤ ያቤሎ

ጠዋት ጌዴኦን አቋረጥን። ትላልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፤ ባለፈው መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው መልክዓ ምድር ይህ ነው። ብዙ ሰው አሁንም ሀገረ ማርያም የሚላትን ቡሌ ሆራን ካለፍን በኋላ ግን መሬቱ ቁልቁል ሄደ፣ አፈሩ ቀላ፣ ምስጦች የሠሩት የሰው ቁመት የሚያህል ኩይሳ በየቦታው ብቅ ብቅ አለ። ሙቀቱ ከመኪናው ወለል ወደ እግሬ ወጣ።

ያቤሎ ልንደርስ ስንል ጓደኛዬ መኪናውን ዳር አስያዘ።

"እዚህ ምን ይታይሻል?"

"ደን" አልኩት። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ግራሩ ተጠላልፎ ዓይን አያሳልፍም።

"እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ቆሜ የአባቴን ከብት እስከዚያ ጉብታ ድረስ እቆጥር ነበር" አለ። "ይኼ ደን አይደለም፤ በሽታ ነው።"

ወርደን ወደ ውስጥ ትንሽ ገባን። አንዱን ቁጥቋጦ ሳጳንሳ አለው፤ እሾሁ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው፣ ሻርፔን ይዞ አልለቅ አለኝ። ሌላው ፉሌንሳ ነው። በእሾሁ ሥር ጥቁር እብጠት አለው፣ እብጠቱን ነካ ሲያደርጉት ጉንዳን ይፈላል፤ ነፋስ ሲነፍስም ያፏጫል። ከሁለቱም ሥር የበቀለ ሣር የለም። ባዶ፣ የተሰነጠቀ ቀይ አፈር ብቻ።

ይህ እንዴት መጣ? ጓደኛዬ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲህ አስረዳኝ። ቦረናዎች ድሮ በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የደረቀውን አሮጌ ሣር በየተራው ያቃጥሉ ነበር። ሁሉንም አይደለም፤ ዘንድሮ ይህንን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንን። እሳቱ የግራሩን ቡቃያ ገና ጉልበት ሳያወጣ ይፈጀዋል፣ መዥገሩን ያነድዳል፣ ዝናቡ ሲወርድ ለስላሳ ሣር ከታች ይነሣል። በደርግ ዘመን መጀመሪያ እሳት ተከለከለ። ያገዱት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ቃጠሎ ጥፋት ነው፣ ደን መዳን አለበት ብለው ነው። ግን ሣሩን ከግራሩ ጋር አመዛዝኖ ያኖረው እሳት ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ሆነው። በዚያው ላይ ከብቱ በጥቂት ቦታ መታጨቁ ተጨመረበት፤ ሣሩ በተጋጠ ቁጥር ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረሰ።

"ታዲያ አሁን ለምን አታቃጥሉም?"

"በምን? እሳት የሚነደው በሣር ነው። ሣሩ የለም።"

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁትም።

ማምሻውን ከያቤሎ ወጣ ብለን በየመንደሩ አጥር ዙሪያ መሬት ለመሬት የሚለቅሙ አመድማ ወፎች አየን፤ ዓይናቸው ዙሪያ ሰማያዊ ነው። ይህ ቁራ በዓለም ላይ ያለው እዚህ፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ ነው። የሚስማማውም ከብት የጋጠው አጭር ሣር ነው። ሜዳው በቁጥቋጦ ሲዘጋ እሱም ምግቡን የሚለቅምበት ያጣል።

ረቡዕ፣ የካቲት 6፤ ያቤሎ

የቦረና ግጦሽ ከጥንት ጀምሮ ዴዳ በሚባሉ ሰፋፊ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ዲሬ፣ መልቤ፣ ጎልቦ፣ ወያማ፣ ጎሞሌ። አንድ ዴዳ አንድ ቀበሌ አይደለም፤ ብዙ ቀበሌ፣ አንዳንዴም ከአንድ ወረዳ በላይ ይይዛል። የዝናብ ጊዜ ግጦሹም የበጋ ግጦሹም በውስጡ አለ። ከታች ኦላ የሚባለው መንደር አለ፣ ከብቱም በሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቻቸው ወራ ተብለው ከቤት ሳይርቁ ይውላሉ። ደረቆቹ፣ ወይፈኖቹና ጎረምሶቹ ኮርማዎች ፎራ ይሄዳሉ፤ ወጣቶች እየጠበቋቸው ሩቅ አገር ወር ሁለት ወር ይሰነብታሉ። እኔ "እንቅስቃሴ" በሚል አንድ ቃል የማልፈው ነገር ስንት ክፍል አለው!

ዛሬ ያደርንበት ጎሞሌ ነው። ጠዋት አንድ ካሎ ሄደን አየን። ካሎ በእሾህ አጥር የታጠረ የጥጃ ሣር ነው። ዝናቡ ሲገባ ይዘጋል፣ ሣሩ ፍሬ እስኪያፈራ ማንም አይነካውም፣ በበጋው ይከፈትና ለጥጆችና አቅም ላነሳቸው ላሞች ይሆናል። ከአጥሩ ውጪ መሬቱ ተልጧል። ከአጥሩ ውስጥ ሣሩ ከጉልበቴ በላይ ደርቆ ቆሟል።

አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት በማጭድ ሣር ታጭዳለች። ሸክሙ ቤት ለቀረች ደካማ ጥጃ ነው። ማጭዱን ስጠይቃት ሳቀችና ሰጠችኝ፤ ገጠር አያቴ ዘንድ ክረምት እያሳለፍኩ ስላደግሁ አላሳፈርኳትም። እያጨድን ሣሮቹን በስም ነገረችኝ። ወፍራም ዛላ ያለው መታ ጉዴሳ ነው፣ ራሰ ትልቅ እንደ ማለት። ቀጠን ያለው አላሎ ነው። የትኛው ወተት እንደሚያበዛ፣ የትኛው ከብቱን ሳያወፍር ሆዱን ብቻ እንደሚሞላ፣ የትኛው ከሁለት ዓመት ድርቅ በኋላም ከሥሩ እንደሚነሣ ታውቃለች። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። እኔ ሣርን "ሣር" ከማለት በቀር ስንት ስም አለኝ?

ካሎው የኦላው ሰዎች ሁሉ ነው፣ በጊዜው ሳይሆን ከብት ያስገባ ይቀጣል። የሚያሳስባት ሌላ ዓይነት አጥር ነው አለችኝ። አቅም ያላቸው ሰዎች ለራሳቸው ብቻ እያጠሩ ነው፤ ጥሩ አፈር ያለውን ረባዳ መሬት ደግሞ ለበቆሎና ለጤፍ እያረሱት። ረባዳው የጥጆች መዋያ ነበር። "በጥሩ ዓመት በቆሎው ይደርሳል። በመጥፎው ዓመት በቆሎውም የለም፣ ሣሩም የለም" አለች። በዚህ አገር ከአምስት ዓመት ስንቱ ጥሩ እንደሚሆን እሷ ከእኔ የዝናብ ሠንጠረዥ ይልቅ ታውቃለች፤ ሆኖም የሚያርሱትን አልኮነነችም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ምን ይብላ?

ከሰዓት በኋላ በሴፍቲኔት ክፍያ ቁጥቋጦ የሚመነጥሩ ሰዎች አየን። ሥራው ከባድ ነው፣ እሾሁ እጅ ይበላል። ምንጠራው ብቻውን እንደማይበቃ ጓደኛዬ ነገረኝ፤ የተቆረጠው ግንድ ከዓመት በኋላ ያቆጠቁጣል። ቡቃያውን የሚቀጥፍ ፍየልና ግመል ካልተከተለ፣ መሬቱም ሣር እስኪይዝ ካላረፈ፣ ጉልበቱም ገንዘቡም ይባክናል። ባለፈው ዓመት የተመነጠረና አርፎ የቆየ ቦታ አሳየኝ። በጉቶዎቹ መሀል አላሎ ወጥቷል። ዝቅ ብዬ ነካሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7፤ ዱብሉቅ

ስለዚህ ቀን ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ።

"ጉድጓድ" ሲሉኝ በሐሳቤ የመጣው የጓሮ ጉድጓድ ነበር። ቱላ ሌላ ነገር ነው። በቦረና ዘጠኝ የቱላ አካባቢዎች አሉ ይባላል፣ ዱብሉቅ አንዱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት አቧራ ነው፤ ከሦስት አቅጣጫ ከብት እየመጣ። ከዚያ መሬቱ ተሰንጥቆ እንደ ጎዳና ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። በሰው እጅ የተቆፈረ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ግድግዳው ከራሴ በላይ ወጣ፣ ከላይ የሚያቃጥለው ፀሐይ ከታች የለም። መጨረሻው ላይ ከብቱ የሚቆምበት ሜዳና ከጭቃ የተሠራ ረጅም ገንዳ አለ፤ ናኒጋ ይሉታል። ከናኒጋው ወዲያ ደግሞ ኤላው፣ የውሃው ጉድጓድ ራሱ፣ ጨለማ ሆኖ ወደ ታች ይሄዳል። ጥልቅ የሚባሉት 30 ሜትር ይደርሳሉ።

ዘፈኑን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ወጣቶች ከውሃው እስከ ናኒጋው አንዱ ከአንዱ በላይ በድንጋይና በእንጨት ላይ ቆመዋል። እኔ ባየሁት ኤላ ሰባት ነበሩ፤ በጥልቆቹ ከ10 በላይ ይሰለፋሉ። ከታች ያለው ባልዲውን ሞልቶ ይወረውራል፣ በላይ ያለው ተቀብሎ ወደ ላይ፣ ባዶው ደግሞ በሌላ እጅ ወደ ታች። ድሮ ባልዲው ኦኮሌ ነበር፣ ከቀጭኔ ወይም ከጎሽ ቆዳ የሚሰፋ፤ ዛሬ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን ነው። ዘፈኑ ለደስታ ብቻ አይደለም። አንዱን የዜማው ምት ካመለጠው ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ባልዲው ሰው ላይ ይወድቃል። ግጥሙ ስለ ከብቶቹ ነው አለኝ ጓደኛዬ፤ ስለ ቀንዳቸው፣ ስለ ቀለማቸው፣ ስለ ወተታቸው። ከብቶቹም ከላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ተራቸው ሳይደርስ አይወርዱም፤ እኔ በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ጠባቂው በስም ሲጠራቸው ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይወርዳሉ፣ ጠጥተው በሌላ በኩል ይወጣሉ። ነጫጭ፣ ትልቅ ሻኛ ያላቸው። ይህ ዘር ነው ወደ ኬንያ ተሻግሮ "ቦራን" በሚል ስም ታዋቂ የሆነው፤ ኮርማዎቹም ናቸው አዳማና ሞጆ የሚደልቡት።

ናኒጋው አጠገብ በትር ይዘው የቆሙ ሽማግሌ አሉ። አባ ሄሬጋ ናቸው፣ የውሃው ተራ ጠባቂ። ኤላውን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘሮች ኮንፊ ይባላሉ፣ ቅድሚያ አላቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ግን የኤላው ሸንጎ ይወስናል፣ አባ ሄሬጋው ያስፈጽማል። ለሚጠማ ሰው ውሃ አይከለከልም። ከብት ግን ተራ አለው።

"ዛሬ የማን ተራ ነው፣ አባቴ?" አልኳቸው በጓደኛዬ በኩል።

ቆጠሩልኝ። ነገስ? ቆጠሩልኝ። ከነገ ወዲያስ? አሁንም በቃላቸው፣ ስንት ከብት በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጭምር። በበጋ አንድ ከብት የሚጠጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ዛሬ ከጠጣ ነገ ሩቅ ሄዶ ይግጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ይህን ስሰማ አንድ ነገር በራልኝ። በየቀኑ የሚጠጣ ከብት ከውሃው ሳይርቅ ነው የሚውለው፣ እዚያው ያለውን ሣር ከሥሩ ይጨርሰዋል። በሦስተኛው ቀን የሚጠጣ ግን ሩቅ ያለውን ሣር ይደርስበታል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቱላው ይዘጋል፤ ከብቱ ሁሉ በኩሬ ውሃ ወዳለበት አገር ይሄዳል፣ በቱላው ዙሪያ ያለው ሣር ለበጋ ያርፋል። ውሃውን የያዘ ሣሩንም ያዘ ማለት ነው። ኩሬዎቹ ዘንድሮ፣ ኅዳር ያመጣው ከባድ ዝናብ ስለሞላቸው፣ ዘግይተው ደረቁ፤ ስለዚህ ቱላውም ዘግይቶ ተከፈተ።

በደርግ ጊዜ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራ አንድ ትልቅ የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ብዙ ኩሬ በትራክተር ቆፍሮ ነበር። ውሃ ለተጠማ አገር ውሃ ሰጠ፤ ይህ መልካም ነው። ግን ከኩሬዎቹ አንዳንዶቹ የተቆፈሩት በዝናብ ጊዜ ብቻ በሚጋጥ መሬት ላይ ነው። ውሃው በበጋም ሲገኝ ሰው እዚያው ሰፈረ፣ ሣሩ የሚያርፍበት ወር አጣ። አባ ሄሬጋው ስለ አዳዲሶቹ የሞተር ጉድጓዶችም ተመሳሳይ ነገር አሉ። "ሞተር ጥሩ ነው፤ ሴቶቻችን ጀርባቸው አረፈ። ግን ሞተር ተራ አያውቅም። የት እንደሚቆፈር እኛን ጠይቁን።"

ከመሄዴ በፊት የተማሪዬን ጥያቄ አቀረብኩላቸው፤ የእኔንም መልስ። "ውሃና ሣር ፍለጋ ትሄዳላችሁ ብዬ ነበር።"

ጓደኛዬ ሲተረጉም ዝም ብለው ሰሙ። ናኒጋው ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው እየደፈኑ፦ "ልጄ፣ የጠፋብን ነገር የለም" አሉ። "ከብቱ ከመሄዱ በፊት ሰው እንልካለን። ሣሩን ያያል፣ ውሃውን ያያል፣ በሽታ መኖሩን ይጠይቃል፣ እዚያ ማን እንዳለ ያውቃል፣ ተመልሶ ይነግረናል። ሽማግሌ ይመክርበታል። ከዚያ ነው ከብት የሚነሣው። አውቀን ነው የምንሄደው።"

ዓርብ፣ የካቲት 8፤ ከዱብሉቅ ብዙም ያልራቀ ኦላ

ያደርነው በአንድ ኦላ ነው። ጠዋት የቤቱ እመቤት ቡና ቀላ አቀረበችልን፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል፣ መጀመሪያ የሚቀርበውም ለሽማግሌ ነው። ወተቱ የሚቀመጥበት ጪጮ በቃጫ የተሠራ፣ ውስጡ በእንጨት ጢስ የታጠነ ነው። ቤቱ የጢስና የወተት ሽታ አለው። ግን ወተቱ ጥቂት ነበር፣ ለእንግዳ ብለው እንዳወጡትም አውቄያለሁ፤ አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ ለልጆቹ አቀበልኩ።

ከ2013 መኸር ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ አልመጣም። ሀጋያ የሚሉት የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ፣ ከዚያ ዋናው፣ የመጋቢትና የሚያዝያው፣ ስሙ ገና ነው፤ ደግሞ ሀጋያ፣ ደግሞ ገና፣ ደግሞ ሀጋያ። ዝናቡ በ2015 መጋቢት ሲመለስ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቆ ነበር። ይህ ቤት ከአርባ በላይ ነበረው። "ሦስት ላም ቀረን" አለችኝ እመቤቲቱ። ባሏ ሊቆም ያልቻለውን ከብት ጠዋት ጠዋት በጭራው ይዞ ያነሣ ነበር፤ አንድ ቀን ሊያነሣ ወጥቶ ተቀምጦ አገኘችው። ብዙ ጎረቤቶቿ ዱብሉቅ ዳር በተሠራው መጠለያ ወርደው እህል ሲጠብቁ ከረሙ። በሕይወቱ ለሰው ወተት ሲሰጥ የኖረ ሰው ጆንያ ይዞ ሲሰለፍ ምን እንደሚሰማው አልጠየቅኳትም።

አሁን ግቢው ውስጥ ሁለት ጊደሮች አሉ። ከጎሣቸው ነው የተሰጧቸው፣ ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሣው ያመለክታል፣ ጉዳዩ ይታያል፣ ያላቸው ሰዎች ያዋጣሉ። ልመና አይባልም፤ መብት ነው። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያጣ ማን ለማን ይሰጣል? በዚህ ድርቅ ቡሳ ጎኖፋ ራሱ ተራበ።

ስለ ኢንሹራንሱም አወራን። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና የእንስሳት መድን ይሸጣል፤ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር የጀመረው ነው። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የመሬቱን አረንጓዴነት ያነባል፤ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ከብቱ ሳይሞት ገና ገንዘብ ይከፈላል፣ መኖና መድኃኒት እንዲገዙበት። ስሰማው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረታችን ነበር የመጣብኝ፤ ግን ተሳስቻለሁ። እዚህ ቤት አንድ ጊዜ ተከፍሏቸዋል፣ ከሦስቱ ላሞች አንዷን ያተረፈቻት ያቺ ገንዘብ ናት ይላሉ። የቤቱ አባት የሚሉት ሌላ ነው። "ከላይ ያለው ዓይን ሳጳንሳውንም ሣር ነው ብሎ ያየዋል። እሱ አረንጓዴ ሲል፣ ላሜ ከሥር ትራባለች።" ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ባለሙያዎችም የሚቸገሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ማክሰኞ ከመኪና ወርጄ "ደን" ያልኩት ነገር ሳተላይቱንም አሳስቶታል።

የጎረቤት ልጅ ግመል ገዝቷል። አባቶቹ የከብት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን "ግመል ቁጥቋጦውን ይበላል፣ ብዙ ቀን ሳይጠጣ ይቆያል፣ ወተቱም አይቋረጥም" ይላል። አባትየው ግመሏን እያዩ ምንም አላሉም።

ማታ እሳት ዳር የቤቱ አባት፦ "መንግሥት ዘንድ ይህ መሬት ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?" ብለው ጠየቁኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ አውቃለሁ ብለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ስለ ግጦሽ መሬት በነፃ ማግኘትና ከመሬት አለመፈናቀል የተደነገገውን ነገርኳቸው። አማርኛው "ዘላኖች" እንደሚል ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ መሰየሙንም ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙ።

"ደግ ነው" አሉ። "እንግዲያው ዴዳውን በዴዳነቱ ይመዝግቡልን። ወረዳ በወረዳ፣ ቀበሌ በቀበሌ እየቆረጡ ሳይሆን። የዝናቡ አገር እዚህ፣ የበጋው አገር እዚያ ቢሆን ከብት በምን ይሻገራል? ሣሩን ለመጠበቅ የእኛ ሽማግሌ ሲቀጣ ፍርድ ቤቱ ያጽናልን። ሌላውን እኛ እንችላለን።" ገዳ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሥርዓቱ ሲመዘገብ የሣሩ ሕግ ለምን እንደተረሳ እኔም አልገባኝም።

ከመተኛታችን በፊት ሁለት ሰዎች በትራቸውንና አንድ ጪጮ ወተት ይዘው ሊሰናበቱ መጡ። ሌሊቱን ተነሥተው ወደ ጎልቦ ይሄዳሉ፣ ሣሩን ሊያዩ። በኤላው ዙሪያ ያለው እየሳሳ ነው፣ ዋናው ዝናብ፣ ገና፣ እስኪገባ ፎራው ሌላ አገር ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎቹ ምን ምን አይተው እንዲመጡ አንድ በአንድ ነገሯቸው። በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፤ መልስ

ጠዋት ኤል ሶድን አየን። እሳተ ገሞራ የሰነጠቀው ጥልቅ ጎድጓዳ፣ ከታች ጥቁር ሐይቅ፤ ሰዎች ጠልቀው ጥቁር ጨው ያወጣሉ፣ አህዮች ተሸክመው ቀጥ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። ጨው ለከብት ያስፈልጋል፤ ሣርና ውሃ ብቻ አይበቃም። ስለ ኤል ሶድ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ ግን ልቤ ከሁለቱ ሰዎች ጋር ነበር። ከብቱ ከመነሣቱ በፊት እኔ መሄዴ ነው።

እመቤቲቱ ስንሰናበት በትንሽ ጪጮ እርጎ ሰጠችኝ። እንቢ ማለት እንደማይቻል ጓደኛዬ በዓይኑ ነገረኝ። ያቤሎ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

ልክ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጓደኛዬ ደወለ። ሰዎቹ በአምስተኛው ቀን ተመልሰዋል። በጎልቦ በኩል መታ ጉዴሳ አለ፣ ውሃው ይበቃል፣ የከብት በሽታ አልሰሙም፣ እዚያ ካሉት ሽማግሌዎች ጋርም ተነጋግረዋል። ፎራው ዓርብ ንጋት ተነሥቷል። ጊደሮቹ ግን ገና ትንንሽ ስለሆኑ ቤት ቀርተዋል።

ሰኞ ክፍል ስገባ ካርታውን ከግድግዳው አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከዱብሉቅ ወደ ጎልቦ የሚወስድ መንገድ የለበትም። በእርሳስ አሰመርኩት፣ ውሃ ያለበትን በነጥብ፣ ከብቱ የሚያድርበትን በክብ፤ ተማሪዎቹ እየተጋፉ ከበቡኝ። ያ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ከብቶቹ አሁን የትኛው ክብ ላይ ናቸው?"